የልጅ መርዶ

ብቸና፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመምህርት ሳባ መንግስቴ
ሞጣ

ሰላምታዬ ቤትሽን ሁሉ ያዳርስ። የሞጣ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ዓይኔም መርፌ ቀዳዳ ለማየት አልሰነፈም። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ስለሚተኛ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት አነሳሁ። የሚያደርስልኝ የአይሱዙው ሾፌር አስናቀው ነው። ጉንደ ወይን ሚስቱና ልጆቹ ዘንድ ሳያድር አያልፍምና ቢዘገይ እንዳትቀየሚው።

ዝምድናችን በአያት በኩል ዞሮ ዞሮ የመጣ ቀጭን ነገር ቢሆንም፣ ክር ቀጠነ ተብሎ አይጣልም። ይህን ደግሞ ልብስ ሰፊ ያውቀዋል። ስለዚህ ላስቸግርሽ ነው።

እህቴ ወይንእሸት መስቀል ሳይደርስ እንዳረፈችብኝ ሰምተሻል። ልጇ ብሩክታይት ከእኔ ጋር ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። የቀብሩ ቀን ጎረቤቴ ወለተ ገብርኤል ገጠር ወንድሟ ቤት ወሰደቻትና ድንኳኑ እስኪነሣ፣ ለቀስተኛው እስኪበተን እዚያው አቆየቻት። ስትመለስ "እናትሽ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳለች" አልናት። ሌላ ምን እንበላት? ለልጅ መርዶ ሲነገር የት ታይቶ ያውቃል?

ጥቁሬን ወለተ ገብርኤል ቤት ነው የማስቀምጠው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እዚያ ገብቼ እለብሰዋለሁ፤ ስመለስ አውልቄ፣ ነጩን ለብሼ፣ ፈገግ ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። የተላጨ ራሴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስራለሁ። በገዛ ቤቴ ለገዛ እህቴ ማልቀስ አቅቶኛል።

አሁን ያስቸገረኝ የልጅቱ ጠጉር ነው። ወይንእሸት አልጋ ሳትይዝ ሹሩባ ሠርታት ነበር። ያን ሹሩባ የነካ ሁሉ ጠላቷ ነው። "የሠራችው እማዬ ናት፤ የምትፈታውም እማዬ ናት" ብላ ትጮሃለች። ጠጉሩ ተቋጥሮ፣ ተድበልብሎ፣ ቅማልም ሊጀምረው ነው።

አንቺ ለምታስተምሪያቸው ሕፃናት ሥዕል ያለው መጽሐፍ በእጅሽ እንደምትሠሪ እናትሽ ነግራኛለች። እባክሽ አንድ ሥሪልኝ። እናት ሩቅ አገር ሄዳ፣ ድና፣ ስጦታ ተሸክማ ስትመለስ የሚያሳይ ይሁን። አውሮፕላን ይኑርበት፤ አውሮፕላን ትወዳለች።

የእጅሽን ጥበብ አይንሳን።

አክባሪ እህትሽ ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ
ብቸና

እንደምን ከረሙ? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ የስፌት መኪናው ሳይቀር ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ለእትዬ ወይንእሸት ነፍስ ይማር። ልቅሶ ልደርስ መንገድ ጀምሬ ከመንገድ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እትዬ፣ አውሮፕላኑን ለመሣል ተቀምጬ ነበር። ክንፉን ሣልኩ፣ መስኮቶቹንም ሣልኩ። እናትየዋ ስትሳፈር የሚያሳየውንም ገጽ ጨረስኩ። የመጨረሻውን ገጽ ግን ማን ይሥለዋል? ከአውሮፕላኑ ስትወርድ የሚያሳየውን? እኔ ብሥለው ብሩክታይት በሩን እያየች ነው የምታድገው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የማስተምራቸው ልጆች የአራትና የአምስት ዓመት ናቸው። ባለፉት ዓመታት ሰው ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው፤ ግን "ሞተ" የሚለውን ቃል ከትልቅ ሰው አፍ የሰማ ልጅ የለም። አንዱን አያቱ ሲሞቱ "ተኝተዋል" አሉት። ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ አንጥፈን ከሰዓት በኋላ ስናስተኛቸው እሱ ቁጭ ብሎ ዓይኑን በጣቱ ከፍቶ ይይዛል። መጻሕፍቱን መሥራት የጀመርኩት ለእሱ ነው። ያለፈባቸውን ትልልቅ የግድግዳ ካሌንደሮች እለምናለሁ፣ ጀርባቸው ላይ እሥላለሁ፣ በመርፌ እጠርዛቸዋለሁ። አጠራረዜን ሲያዩ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

ስለዚህ ያዘዙኝን ትቼ ሌላ ሠራሁ። ጀምበሬ ስለምትባል ልጅ ነው። የመጀመሪያው ገጽ "የጀምበሬ እናት ሞተች" ይላል። አይደንግጡ፤ ይቀጥላል። ጥቁር የለበሱ፣ ጠጉራቸውን የተላጩ ሴቶች አሉ፤ በአገራችን እንደሚሆነው ነው የሣልኩት። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል። ጀምበሬ ትቆጣለች፣ ሰሐን ትሰብራለች። ከድንኳኑ ጀርባ ከልጆች ጋር ትጫወትና ትስቃለች፤ መሳቋን ማንም አይቆጣትም። አንድ ገጽ ላይ "የሞተ ሰው አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም" ይላል። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ረስቼው አይደለም፤ እሱ የልጅቱ ነው።

ከጎንዋ ተቀምጠው ያንብቡላት። እርስዎ ቢያለቅሱም መጽሐፉን አይዝጉት።

ሳባ


ብቸና፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ሳባ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ቀድሞ ደረሰ። መጽሐፉ ግን አስናቀው ቤት ከረመ፤ ልጆቹ አንለቅም ብለውት ኖሮ የገና ዋዜማ በጣት አሻራ ተለውሶ መጣልኝ።

ዳቦ ብለምንሽ ድንጋይ ሰደድሽልኝ። እኔ የጠየቅኩሽ አውሮፕላን ነው! ገና ስገልጠው "ሞተች" ብሎ ተቀበለኝ። ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ ላንብብላት? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚሉት ለካ እንዳንቺ ያለችውን አይተው ነው። ተቀይሜሻለሁ። መጽሐፍሽን በስፌት መኪናዬ መሳቢያ፣ ከሸሚዝ ቁልፎቹ ሥር ቀብሬዋለሁ።

ይልቅ የባሰውን ልንገርሽ። "ለገና ትመጣለች" ብያት ነበር። ቀሚስ ሰፋሁላት። በገና ቀን ቀሚሷን ለብሳ ከቁርስ ጀምራ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። የበግ ሥጋ አቀረብኩላት፤ እኩሌታውን በልታ እኩሌታውን "የእማዬ ነው" ብላ ከደነችው። ሲመሽ ተነሥታ ቀሚሷን አውልቃ አጣጥፋ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አሁን "ለፋሲካ" ብያታለሁ። እንግዲህ መጽሐፉ ይቅርና አንድ ነገር አድርጊልኝ። ወይንእሸት እንደጻፈችው አድርገሽ ደብዳቤ ጻፊላት። "ልጄ፣ እየዳንኩ ነው፣ አክስትሽን እሺ በያት፣ ጠጉርሽን ትሥራሽ" በይ። አነብላታለሁ። እኔ ራሴ እንዳልጽፈው፣ ማንበብ ባትችልም የጽሕፈቴን መልክ ታውቀዋለች።

ጨካኝ አድርገሽ አትይኝ። ወይንእሸት ነፍሷ ሊወጣ ሲል እጄን ይዛ "ልጄን እንዳታስለቅሺብኝ" ብላኛለች። የመጨረሻ ቃሏ ነው። የሟች ቃል እንዴት ይበላል?

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ

ጤና ይስጥልኝ። ስድቡንም ምርቃቱንም ከታላቅ ነውና ተቀብያለሁ።

ደብዳቤውን ግን አልጽፍም። ሊቆጡኝ ይችላሉ፤ እኔም ዛሬ ትንሽ ተቆጥቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አባቴ መንግስቴ የሞተ ጊዜ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያኔ ብቸና እናንተው ሰፈር ነበርን። "ደብረ ኤልያስ ለንግድ ሄዷል" ተባልኩ። ቤታችን በሰው ሲሞላ እኔን ወደ ጓሮ ይዘውኝ የወጡት እርስዎ ነበሩ። ከረሜላ ሰጡኝ፤ ቀዩን፣ በጣም ጣፋጩን። ሳቅሁልዎት። እስከ ዛሬ ቀይ ከረሜላ አፌ አይገባም።

አባቴን ዓመት ጠበቅሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገመድ ስንዘል ተራ ተጣላንና አንዲት ልጅ "አንቺ እኮ አባት የለሽም!" አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤት ሄጄ አልጠየቅሁም፤ ትልልቆቹ እንዳላውቅ ከፈለጉ ብዬ የማላውቅ መሰልኩ። እናቴም የማላውቅ መስሏት ኖረች፤ ኋላም ወደ ሞጣ መጣን። እንዲህ እንዲህ እያልን ቀረ። ቁጭ አድርጎ "ሳባ፣ አባትሽ ሞቷል" ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ይኸው ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከደብረ ኤልያስ መጣ የተባለ ሰው ካጋጠመኝ ፊቱን ሳላይ አላልፍም። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን አይሰማኝም።

እትዬ፣ ብሩክታይት ማልቀስ አልተወችም። ብቻዋን ነው የምታለቅሰው።

ታናሽዎ ሳባ


ብቸና፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሳባ

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ የዘገየሁትን ያህል ይብዛልሽ።

መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር። ውሸት ለምዶብኝ። አስናቀውማ ስንቴ ተመላለሰ! መጀመሪያ ተናድጄ ዝም አልኩ፣ ቀጥሎ አፍሬ ዝም አልኩ፣ ኋላ ደግሞ የምነግርሽ በዝቶ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ከመሳቢያው ልጀምር።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ እሑድ፣ እኔ ደጅ ላይ ሱሪ ጠበበኝ ከሚል ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ብሩክታይት መሳቢያዬን ከፈተች። የሸሚዝ ቁልፎችን በየቀለማቸው መደርደር ትወዳለች። ስገባ መጽሐፍሽን ጭኗ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ማንበብ አትችልም። ጥቁር በለበሱት ሴቶች ላይ ጣቷን አሳርፋ "እነዚህ ለምን ተላጩ?" አለችኝ።

"ሰው ሞቶባቸው" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ተነሥታ መጣች። ሻሼን ጫፉን ይዛ ከራሴ ላይ ሳበችው። ያን ያጠረ ጠጉሬን አየችው፣ በእጇም ዳበሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ "አክስቴ፣ አንቺስ ማን ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ።

"ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ" አልኳት። "እሺ" ብላ ወደ ቁልፎቿ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጅቱ ለካ ትጠረጥራለች። ስትጠብቅ የኖረችው እናቷን ብቻ አይደለም፤ የሚነግራት ሰውም ነው።

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ገብረ ኪዳን በረርኩ። የወይንእሸትን የመጨረሻ ቃል ነገርኳቸው። "እናት ልጄን አታስለቅሱ ብትል እናት ናት" አሉኝ። "ግን ለትልቅ ሰው ስናረዳ ዘመድ ሰብስበን፣ በማለዳ ሄደን፣ ግራና ቀኝ ደግፈን ነው። ልጅ ሲሆን ምነው ደጋፊ ነፈግነው?"

ስለዚህ እንደ ትልቅ ሰው አረዳናት። ሊነጋጋ ሲል አባ ገብረ ኪዳን፣ ወለተ ገብርኤልና ባሏ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እኔም ጥቁሬን በገዛ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበስኩ። ቀስቅሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አባ ሊጀምሩ ሲሉ "እኔ ልንገራት" አልኩ። "ብሩክታይት፣ እናትሽ ሞታለች። አዲስ አበባ አይደለችም። አትመለስም። የዋሸሁሽም እኔ ነኝ።"

ሳባ፣ ጮኸች። እኔም ከመስከረም ጀምሮ ያፈንኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሰፈሩ ሰምቶ መጣ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ሰው ሕፃኗን "እግዜር ያጥናሽ" ሲላት እጇን ዘርግታ እንደ ባለ ሐዘን ትቀበል ነበር። መጀመሪያ እኔን ደበደበችኝ፤ ጀምበሬም ሰሐን ሰብራለች ብዬ አልከለከልኳትም። ረፋድ ላይ "እማዬ የት ናት?" አለች፤ ወደ መቃብሩ ወሰድኳት። አፈሩን ነካችው። "አይበርዳትም?" አለችኝ። መጽሐፍሽ እንዳለው "የሞተ ሰው አይበርደውም፣ አይርበውም፣ አያመውም" አልኳት። "አያማትም?" አለች ደጋግማ። ለካ ታማሚዋን እናቷን ነበር ስታስብ የከረመችው። እኔም እዚያው ቆሜ ለእህቴ ነገርኳት፤ "ወይንእሸት፣ ልጅሽን አስለቀስኳት፤ ግን ብቻዋን አልተውኳትም" አልኳት።

ማታ መጥታ ጉልበቴ መሐል ተቀመጠችና "ፍቺልኝ" አለች። ዘይት እያደረግሁ፣ አንዳንዱን በመቀስ እየረዳሁ ፈታሁላት። አንዲቱን ጉንጉን ግን "ይቺን ተዪልኝ" አለች። ቆርጬ በነጭ ጨርቅ ሰፋሁላት፤ ትራሷ ሥር ናት። አሁን ጠጉሯ ታጥቦ፣ አዲስ ሹሩባ ተሠርቶ ብታዪው! አሁንም አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ተነሥታ ገመድ ትዘላለች።

መጽሐፉ ስንገልጠው ስንገልጠው ተበታተነ። በስፌት መኪና ዳር ዳሩን ሰፍቼዋለሁ። እውነትም አጠራረዝሽ ያስቃል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬሽ ነበር፤ ይኸው በላነው፤ ተርፎም ጎረቤት እየጠየቀ ነው። አስናቀውም ለልጆቹ አንድ ሥሪልኝ ይልሻል፤ አምና የሞተች ታናሽ ነበረቻቸው፣ ስሟን በቤቱ የሚያነሣ የለም።

ስለ ከረሜላው። ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። "ስጪያት" ብለው እጄ ላይ አኖሩት፤ ስትስቂ አይቼ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ያንቺን ነገር ለብሩክታይት አጫወትኳት። ሰማችና "ከዚያስ ማን ነገራት?" አለችኝ። "እስከ ዛሬ ማንም" አልኳት።

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ

እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን የልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ያ ዓይኑን በጣቱ የሚይዘው ልጅ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። አዎ፣ መተኛት ጀምሯል።

ለአስናቀው ልጆች መጽሐፉን ጀምሬዋለሁ። የታናሽየዋን ስም ጠይቀው ይላኩልኝ፤ በስሟ ነው የምሠራው።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ብሩክታይት ባዶው ገጽ ላይ ምን ሣለች?

ሳባ


ብቸና፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳባ

እንኳን ለሆሣዕና አደረሰሽ።

የሕፃኗ ስም ወለተ ኢየሱስ ነበር። አባትየው ሲነግረኝ መሪውን ይዞ አለቀሰ።

ገጹን አላሳይም ብላለች። ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ከፈቀደ ይዘንልሽ እንመጣለን። ብሩክታይት ሞጣ ላይ የምትፈጽመው ጉዳይ አላት፤ ምን እንደሆነ እንዳልናገር አስምላኛለች። መሐላ ደግሞ አላፈርስም፤ ውሸትም ትቻለሁ። ስለዚህ አትጠይቂኝ።

ይርጋነሽ


ሞጣ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ይርጋነሽና ለውድ ብሩክታይት
ብቸና

በሰላም ገባችሁ? አስናቀው በዝግታ ነዳ? ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል።

ያን ማለዳ ደጋግሜ አስበዋለሁ። በሩ ሲንኳኳ ገና ወፍ መንጫጫቷ ነበር። ከፈትኩ። እርስዎን በጥቁር ሳይ፣ አስናቀው ጋቢውን አዘቅዝቆ ሳይ፣ ከቤቷ ቀስቅሳችሁ ያመጣችኋትን እናቴን ከኋላችሁ ሳያት፣ "ማን ሞተ?" አልኩ። ግራና ቀኝ ይዛችሁ አስቀመጣችሁኝ። ነጠላዋን እንደ ትልልቆቹ ያዘቀዘቀችው ብሩክታይት ፊቴ መጥታ ቆመች።

"እትዬ ሳባ" አለችኝ፣ "አባትሽ ጋሼ መንግስቴ ሞቷል። ደብረ ኤልያስ አይደለም። አትጠብቂው።"

የማላውቀውን አልነገረችኝም። ግን ሰው ነገረኝ። እንደዚያ የማለቅስ አይመስለኝም ነበር። እናቴም አለቀሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እሷ ለአንድ ሰው አብረን አለቀስን። ከዚያ ሌሊት ተቀቅሎ ያደረ ንፍሯችሁን ከአስናቀው መኪና ስታወርዱ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ብሩክታይትም "መሳቅ ይቻላል፤ መጽሐፉ ላይ አለ" አለችኝ።

ያን የሣለችውን ገጽ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሴት ልጆች ናቸው። አንደኛዋ ሹሩባዋ ተፈትቷል። "ይቺ እኔ ነኝ" አለች። "ይቺኛዋስ?" ብላት "አንቺ ነሽ፤ ልንፈታልሽ መጣን" አለችኝ። ከኋላዬም ተቀምጣ፣ በእነዚያ ትንንሽ ጣቶች ጠጉሬን ስትፈታው አረፈደች።

ስድስት መጻሕፍት ታዘዋል። ካሌንደር ያለው ሰው ካገኙ ይላኩልኝ፤ አጠራረዙን ግን ከእንግዲህ ለእርስዎ ትቻለሁ።

ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ የእህቱን ልጅ ሊወስድ ትምህርት ቤት መጣ። ከደብረ ኤልያስ እንደመጣ ነገረኝ። የልጁን ቦርሳ አቀበልኩት፣ ስለ ልጁ ሳል ነገርኩት፣ ሸኘኋቸው። በሩን ዘግቼ ወደ ሥዕሌ ከተመለስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ፊቱን አላየሁትም።

የመንግስቴ ልጅ ሳባ